ከአራት ኪሎ እስከ ሥላሴ

(በዓመታዊው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ቀን ላይ የተደረገ ንግግር)



የአዘጋጅ ኮሚቴው ሰዎች "ስለ ድሮው የካምፓስ ሕይወት ሃያ ደቂቃ አውራልን" ሲሉኝ ወዲያው እሺ አልኩ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ስለ ካፌው ወጥ፣ ስለ ዶርሙ ትኋን፣ በፍሬሽማን ፈተና ስለተባረሩት ልጆች ባለፉት ዓመታት እዚህ መድረክ ላይ ስንት ጊዜ ተወርቷል። ከእኔ የተሻለ የሚያወሩትም ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አያቸዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ከግቢያችን በር አስወጥቼ፣ አሥር ደቂቃ በማይሞላ የእግር መንገድ ይዣችሁ ልሂድ። የምንሄደው ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መካነ መቃብር ነው። "ዛሬ እኮ የደስታ ቀን ነው፤ መቃብር ምን አመጣው?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። አባቴ ያረፉበት ደብር ቦታ ስለጠበበው የቆዩ መቃብሮች እንዲነሡ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እኔ፣ ወንድሜና እኅቴ አፅማቸውን አስነሥተን ወደ ፉካ አዛወርን። ድንጋዩ ላይ የሚጽፈው ልጅ መጣና "ጋሼ፣ የተወለዱበት ዓመት ስንት ልበል?" አለኝ። 1898 አልኩት። ወንድሜ "ኧረ 1901 ነው!" አለ። እኅታችን ደግሞ "አባዬ ማይጨው ሲዘምት ሃያ ዓመቱ እንደነበረ ነግሮኛል" ብላ ሌላ ዓመት አወጣች። ሦስታችንም ዲግሪ አለን። ከመካከላችን አንዱ ሥራው ራሱ መዝገብ መያዝ ነበር። የአባታችንን የትውልድ ዓመት ግን ማናችንም በእርግጠኝነት አናውቅም። ልጁ ፀሐይ ላይ ቆሞ ቆሞ ሲሰለቸው፣ ያረፉበትን ዓመት ብቻ አስጽፈን ተመለስን።

ከዚያ ቀን ወዲህ በመቃብር ድንጋይ አጠገብ ሳላነብ ማለፍ አቃተኝ።

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ለጉዳይ አራት ኪሎ ሄጄ የምፈልገው ሰው "ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለስ" አለኝ። አራት ኪሎን ታውቋታላችሁ፤ አሁን መንገዱ ሰፍቷል፣ እግረኛው እንደ ልብ ይሄዳል፣ ድሮ ሻይ በዱቤ የምንጠጣባቸው ቤቶች የሉም። የሚያዝያ 27 ሐውልት ግን እዚያው ነው። ቁልቁል ወደ ፓርላማ ወረድኩና ወደ ግራ ታጠፍኩ። ወዴት እንደምሄድ አላሰብኩም ነበር፤ እግሬ እንደ ልማዱ ወሰደኝ።

በእኛ ጊዜ ሥላሴ ሁለተኛው ቤተ መጻሕፍታችን እንደነበረ የ1965 ዓ.ም. ገቢዎች ታስታውሳላችሁ። ዶርም ውስጥ ጊታር አለ፣ ክርክር አለ፣ ካርታ አለ። ሥላሴ ግቢ ግን ጥላ ነው፣ ጸጥታ ነው፣ "ዝም በል" የሚልህም "ተናገር" የሚልህም የለም። እኔ ኬሚስትሪ ነበርኩ፤ አብሮኝ የሚሄደው ጓደኛዬ ሒሳብ። እሱ ሲደክመው ደብተሩን ዘግቶ በመቃብሮቹ መካከል ይንሸራሸራል። የተወለዱበትንና የሞቱበትን ዓመት ያይና በቃሉ ይቀንሳል። "ስልሳ ሁለት! ... ሠላሳ አራት፣ ይኼ ተጭበርብሯል ... ሰማንያ ዘጠኝ፣ እኚህ እናት አልተቸኮሉም።" ዘበኛው አንድ ቀን ሰምተውት "አንተ ልጅ፣ የሙታን ሒሳብ ሹም አድርገው ሾሙህ እንዴ?" አሉት። ከዚያ በኋላ ስሙ "የሒሳብ ሹም" ሆኖ ቀረ። እውነተኛ ስሙን ዛሬ አልጠራም፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ኅዳር ስገባ ቅዳሴ ወጥቷል። ነጠላ ያጣፉ ሁለት ሦስት ሴቶች ደጃፉን ተሳልመው ይመለሳሉ። ከመጥረጊያ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። እኔም የሒሳብ ሹሙን ሥራ ተረክቤ፣ ቀስ እያልኩ፣ ማንበብ ጀመርኩ።

ከካቴድራሉ ፊት ለፊት፣ ለአርበኞች በተከለለው ሥፍራ፣ የሲልቪያ ፓንክኸርስት መቃብር አለ። ተማሪ ሳለን ስንት ጊዜ አልፈነው ሄደናል! እንግሊዛዊት ናቸው፤ በአገራቸው ለሴቶች የመምረጥ መብት ታግለው በተደጋጋሚ ታስረዋል። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር በ1928 ዓ.ም. "ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ" የተባለ ጋዜጣ ለንደን ላይ አቋቁመው ለ20 ዓመት አሳተሙ። ዓለም ጉዳዩን ሊረሳ ሲፈልግ፣ በየሳምንቱ ያስታውሱት ነበር ማለት ነው። በመጨረሻም መጥተው አዲስ አበባ ኖሩ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ቀን፣ አረፉ። ሲቀበሩ ወለተ ክርስቶስ የሚል የእኛ ስም ወጣላቸው። 78 ዓመት። እኚህም አልተቸኮሉም።

ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስትም ያረፉት በዚሁ ግቢ ነው፤ በ2009 ዓ.ም.። ስድስት ኪሎ የተማራችሁ በደንብ ታውቋቸዋላችሁ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነበሩ። የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስ ከተሟገቱት ግንባር ቀደሞች አንዱ ናቸው። እናትየው ጋዜጣ አሳተሙ፣ ልጅየው መጽሐፍና ሰነድ ሰበሰቡ። ሁለቱም የሰው አገር ታሪክ እንዳይጠፋ ዕድሜያቸውን ሰጡ። እኔ ደግሞ እዚያ ቆሜ የአባቴን የልደት ዓመት አላውቅም።

ወደ ካቴድራሉ ውስጥ ገባሁ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን የግራናይት መቃብሮች ጎን ለጎን ናቸው። እቴጌ በ1954 ዓ.ም. አርፈው በወጉ፣ በክብር ተቀበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉት ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ የተቀበሩት ግን ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.። ጓደኛዬ ቢኖር "ሃያ አምስት ዓመት ከሁለት ወር!" ብሎ ወዲያው ይነግረኝ ነበር። አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት በታች ተገኘ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባረፉበት በበዓታ ለስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው ወደዚህ የመጣው።

ውጭ ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ለሊት የተገደሉት የ60ዎቹ ባለሥልጣናት መታሰቢያ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ ጄኔራል አማን አንዶም እዚያ ናቸው። ያን ለሊት በከርቸሌ በአንድ ጉድጓድ ነበር የተጣሉት። ከርቸሌ የነበረበት ቦታ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሞበታል። ለአፅማቸው ይህን ዕረፍት ያገኙት ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ከ16 ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ማለዳ ሬዲዮኑ ስማቸውን ሲዘረዝር የሰማነው እኛ ተማሪዎች ሁላችንም አላለቀስንም። አንዳንዶቻችን "ይበላቸው" ብለናል። እኔም ብያለሁ። የሒሳብ ሹሙ ግን ዝም ብሎ ቆይቶ "ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ?" አለኝ። ይኸው ብቻ ነው ያለው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 12፣ ዘመቻው ተጀመረ፤ ካኪያችንን ለብሰን ወጣን።

ትንሽ እልፍ ስትሉ አቶ መለስ ዜናዊ አሉ፤ በ2004 ዓ.ም. የተቀበሩት። እሳቸውም እኮ የእኛው ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ነበሩ፣ አቋርጠው በረሃ የወጡ። እንግዲህ አስቡት፦ ንጉሡ፣ ደርግ የገደላቸው ሹማምንት፣ ደርግን የጣለው ወገን መሪ፣ ሁሉም በአንድ አጥር ውስጥ። በሕይወት ሳሉ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ አይታሰብም ነበር። እዚያ ግን አንዱ መጥረጊያ ሁሉንም ያዳርሳል።

የጥበብ ሰዎችም አሉ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1998 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ አርፎ አፈሩ የሆነው እዚህ ነው። የአፍሪካ አዳራሽን ትልቅ የመስታወት ሥዕል የሠራው አፈወርቅ ተክሌ አለ። ጥላሁን ገሠሠ አለ፤ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ያረፈው። ጥላሁን ሲቀበር እኔም ከሕዝቡ መካከል ነበርኩ፤ አጠገቤ የቆመ ወያላ እንደ እናቱ ለቅሶ ያለቅስ ነበር። ጥላሁን ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። የሒሳብ ሹሙ የሚዘፍነው የጥላሁንን ብቻ ነበር፤ ያውም ዜማውን እየሰበረ።

እንግዲህ ወደ እሱ ልመለስ። የማወራው ሁሉ ወደ እሱ ለመድረስ ነው።

ከዘመቻ ተመልሰን ትምህርት ቀጠልን። ስንገባ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የነበረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ጠበቀን። ሁለታችን ቀበና አንዲት ክፍል ተከራየን። በ1970 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ማታ፣ "ደብተር ተቀብዬ ልምጣ" ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን የት እንደታሰረ ሰማን። ታናሽ እኅቱ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ከእሷ ጋር ስንቅ እናመላልስ ጀመር። እሷ ሳህኑን ትሰጣለች፣ እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ እጠብቃለሁ። ለምን ማዶ እንደምቆም ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለ19 ቀን ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ ደስ እያለን ወደ ቤት እንሄድ ነበር። በሃያኛው ቀን ሳህኑ እንደ ሞላ ተመለሰ። "ከእንግዲህ አታምጪ" አሏት። የዚያን ዘመን ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ሬሳው አልተሰጠም። እናቱ ድንኳን መጣል፣ ጮኸው ማልቀስ አልቻሉም። የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አይታወቅም። 23 ዓመቱ ነበር። ይህን መቀነስ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ልንገራችሁ። ሳህኑ በተመለሰ በሳምንቱ በቀበናችን አሰሳ ይመጣል ተባለ። ማታ ከሰሉን አቀጣጥዬ የእሱን ወረቀቶች በሙሉ አቃጠልኩ። ደብተሮቹን፣ ደብዳቤዎቹን። ከሁሉም በኋላ አንድ ፎቶ ቀረ፤ በዘመቻ ጣቢያችን፣ አርሲ፣ 11 ሆነን የተነሣነው። ለትንሽ ጊዜ በእጄ ያዝኩት። ከዚያ ፎቶውንም ከሰሉ ላይ ጣልኩት። ፈርቼ ነበር። ዛሬም ቢሆን እዚያ ክፍል ውስጥ ብቀመጥ ሌላ ነገር አደርግ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት፣ የአባቴን አፅም ካነሣን በኋላ፣ እኅቱን ፈልጌ አገኘኋት። ዛሬ አያት ናት። ቡና አፍልታ ካጠጣችኝ በኋላ ወደ ግድግዳው አመለከተችኝ። የእናትየው ፎቶ አለ፣ የአባትየው አለ፤ በመካከላቸው ባዶ ፍሬም ተሰቅሏል። "እማዬ ናት ያሰቀለችው፤ እስክትሞት ድረስ አላስነሣችም። ጋሼ፣ አንተ ጋ ፎቶው አይጠፋም ብዬ እኮ ነው ስፈልግህ የኖርኩት" አለችኝ። ነገርኳት። ምን እንዳቃጠልኩ ነገርኳት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ሁለተኛውን ቡና ቀዳችልኝ።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ሥላሴ ግቢ፣ ድሮ እናጠናበት የነበረው ጥላ ሥር ተቀምጬ ይህን ነበር የማስበው። ለንጉሡም፣ ለሹማምንቱም መቃብሩ ዘግይቶ መጣ፤ ግን መጣ። ለምን መጣ? ስማቸውን የያዘ፣ መልካቸውን የሚያውቅ፣ "የእኛ ናቸው፣ ስጡን" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለነበረ ነው። ድንጋይ የመጨረሻው ሥራ ነው። ከድንጋዩ በፊት የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ፈርቶ ካቃጠለ፣ ወይም "ነገ እጽፈዋለሁ" እያለ ከሞተ፣ ድንጋይ ጠራቢው ቢመጣ ምን ይጽፋል? እኔ በአባቴ ፉካ ፊት እንደቆምኩት ቆሞ ይቀራል።

መስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በፎቶ የተሞላ ነው። በመስታወት ውስጥ አፅምም፣ የተገኘ ልብስም አለ። ሄጄ ፊት በፊት ፈለግኩ። የእኛ ልጅ የለም። እንዴት ይኖራል? ፎቶውን ማን ይስጣቸው?

ስለዚህ ዛሬ ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። ያን የአርሲ ፎቶ ያነሣው ልጅ ለስድስታችን አጥቦ ሰጥቶን ነበር። አንዱን አቃጠልኩ። አምስቱ የት አሉ? ከስድስታችን ውስጥ ሁለቱ እንደሞቱ አውቃለሁ፤ አንዱ አሜሪካ ነው ይባላል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከኋላችን የሣር ክዳን ቤትና አንድ በቅሎ ይታያል። እሱ በኋለኛው ረድፍ ከግራ ሁለተኛው ነው፤ አንገቱን ዘመም ያደረገ፣ መነጽሩን በክር ያሠረ። ቤታችሁ ስትገቡ፣ ያን ከአልጋ ሥር ያለውን ሻንጣ፣ ያን የብስኩት ቆርቆሮ፣ እባካችሁ ክፈቱት። ልጆቻችሁ አሮጌ ነው ብለው ሳይጥሉት ክፈቱት።

የእኔ ጓደኛ ባይኖርበት የሌላው ይኖርበታል። በዚህ አዳራሽ ዶርም ሜቱን፣ የላቦራቶሪ ጓደኛውን፣ እጮኛውን ያላጣ የእኛ ዘመን ሰው ብዙ አይደለም። ፎቶውን ገልብጡና ከጀርባው ጻፉ፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደቆመ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የት እንዳያችሁት። የምታውቁትን ብቻ ጻፉ። የማታውቁትን ክፍት ተዉት፤ ሌላው ይሞላዋል። የማኅበራችን ጸሐፊ ፎቶዎቹን ስካን አድርጎ ዋናውን ለባለቤቱ ሊመልስ ቃል ገብቶልኛል። የመታሰቢያ መጽሐፋችን በየዓመቱ ማን እንደተሾመ፣ ማን ልጁን እንደዳረ ይዘግባል፤ ጥሩ ነው። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ደግሞ ጥቂት ገጽ ላልተመለሱት ይሁን።

ስሙን ለምን እንዳልጠራሁ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። እኅቱን ፈቃድ ስጠይቃት "ስሙን መጀመሪያ እኔ ልጻፈው" አለችኝ። የመጀመሪያው ገጽ የእሷ ነው። ዛሬ እንድትመጣም ጋብዣት ነበር። "ፎቶው ሲገኝ እመጣለሁ" ብላለች።

ቀጠሮዬ ደርሶ ከሥላሴ ግቢ ስወጣ፣ በሩ ላይ ያለው ወጣት ዘበኛ "አባት፣ ዘመድ አለዎት እዚህ?" አለኝ። "እዚህ የለኝም" አልኩት። "ግን አብረን እናጠናበት ነበር።"

ከዚህ በኋላ ምሳ ነው። ስትበሉ አጠገባችሁ ያለውን ሰው "ያንተስ ፎቶ የት ነው ያለው?" ብላችሁ ጠይቁልኝ።